ቧንቧው ከማን ደጅ ይቁም

ዛሬ በየግቢው ቧንቧ ተተክሎ ያለ ጠባቂ ሲንጠባጠብ የሚያይ ወጣት የምነግረው ነገር አይገባው ይሆናል። እኛ ለአንዲት የብረት አፍ ስንል በአራዳ መካከል ኩታ ለኩታ ተቋጥረን የሰነበትን ሰዎች ነን። ከተቋጠሩት ሁለት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። ይህን ስናገር አላፍርም፤ እንዲያውም ትዝ ባለኝ ቁጥር ደሜ ይሞቅና ከመቀመጫዬ ተነሥቼ መንጎራደድ ያምረኛል።

ልብስ ሰፊ ነበርኩ። የስፌት መኪናዬን ዛሬ ፒያሳ ከሚሉት ሰፈር፥ ከአንድ ግሪክ ነጋዴ ሱቅ በረንዳ ላይ ዘርግቼ ለባላገሩም ለከተሜውም እሰፋ ነበር። ቤቴ ከዚያ ወረድ ብሎ፥ ከወንዙ ከፍ ብሎ ነበር። ሰፈራችን አንድ ቢሆንም እኛ ለሁለት ከፍለነው ነበር፤ ከዳገቱ ወገብ ላይ ያለነው ታች ሰፈር እንባላለን፥ ከዳገቱ ጫፍ ያሉት ደግሞ ላይ ሰፈር ይባላሉ። ሁላችንም ውሃ የምንቀዳው ከሥር፥ ከወንዙ ዳር ከምትፈልቅ አንዲት ምንጭ ነው። ሁላችንም አልኩ እንጂ የሚቀዱትስ ሴቶቹ ናቸው።

ያ ዳገት በበጋም አይደርቅም ነበር። ከየእንስራው እየተረጨ የሚፈሰው ውሃ አፈሩን ስለሚያጨቀየው ሴቶቹ በእግር ጣታቸው እየቧጠጡ ነበር የሚወጡት። ሚስቴ እዚያ ዳገት ላይ ወድቃለች። እንስራው ተሰበረ፤ በሆዷ የነበረውም ውሎ ሳያድር ወረደ። የመጀመሪያችን ነበር። ስለዚህ ነገር ለማንም አልተናገርንም፤ እርስ በርሳችንም ቢሆን አላነሣነውም። እሷ ሌላ እንስራ ገዛች፥ እኔም አዲስ ማዘያ ሰፋሁላት፥ ኑሮ ቀጠለ።

ከዚያ ወዲያ ደግማ ፀነሰች። ሆዷ ገፍቶ እንኳ ከምንጩ አልቀረችም፤ ሠራተኛ ለመቅጠር አቅም አልነበረንማ። እሷ እንስራዋን አዝላ ስትወርድ በረንዳዬ ላይ ሆኜ ስለማስብ መርፌ ስሰብር እውል ነበር። የግሪኩ ነጋዴ እንዲያውም አንድ ቀን፥ «አንተ ልብስ ነው የምትሰፋው ወይስ መርፌ ነው የምትሰብረው?» ብሎኛል። በዚያ ወራት ከእግዚአብሔር የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሚስቴ ያን ዳገት እንስራ አዝላ ሳትወጣው እንድትወልድ።

ሁዳዴ እንደገባ ቧንቧ ሊመጣ ነው የሚል ወሬ ተነሣ። ለቤተ መንግሥቱ ውሃ በብረት ውስጥ ከተራራው እንደሚመጣ ድሮም እናውቃለን። አሁን የተባለው ግን ለተራው ሰው፥ ለአራዳ ሕዝብ ነው። አራዳ ደግሞ ወሬ አግኝቶ ዝም አይልም። አንዱ፥ «ብረቱን ዳገት ቢያስወጡት ውሃው አብሮ ይወጣል» ይላል። ሌላው፥ «የሚያስወጣውን እኔ አውቀዋለሁ፤ ስሙን በጾም አልጠራውም» ይላል። ውቤ በረሃ ጠጅ ቤት የሚውል አንድ ቀልደኛማ፥ «ውሃውን ተዉትና ጠጁን በብረት ይላኩልን፤ እኛ አፋችንን ከፍተን እንጠብቃለን» ብሎ ሰዉን አሳቀ።

እኔ ግን አልሳቅሁም። ያን ወሬ የሰማሁ ቀን እግሬ መሬት የነካ አልመሰለኝም። በማግስቱ ሥራዬን ትቼ ቦዩ ወደሚቆፈርበት ሄድኩ። ጥቁር ጥቁር ብረቶች ከመንገዱ ዳር ተደርድረው አገኘሁ። ጎንበስ ብዬ በአንዱ ጫፍ አየሁ፤ በወዲያኛው ጫፍ የሰማይ ቁራጭ ታየኝ። በዚህ ውስጥ ውሃ ሊያልፍ ነው ብዬ ሳስብ እንባዬ መጣ። ቆፋሪዎቹ እብድ መስያቸው ገለል አሉልኝ።

ብዙም ሳይቆይ ከማዘጋጃ ቤት አንድ ሹም መጡና ከሰፈራችን መካከል ካለው ሾላ ሥር ሰበሰቡን። መንገዱ ከሾላው ሥር ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ላይ ሰፈር ይወጣል፥ አንዱ ወደ እኛ ይወርዳል። ሹሙ አጭር ነገር ተናገሩ። ብረቱን ከተማው ይሰጣል፥ ቁፋሮው፥ ድንጋዩና ቦታው ከእኛ ነው። የቧንቧው አፍ ለሁለቱም ሰፈር አንድ ነው። ቦዩ ሾላው ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ከየት እንደሚቆም ተስማምታችሁ ንገሩኝ፤ ካልተስማማችሁ ግን ብረቱ ለሌላ ሰፈር ይሄዳል አሉን። በቅሏቸው ላይ ወጥተው ሄዱ። አቧራው ሳይረጋ ጭቅጭቁ ተጀመረ።

ላይ ሰፈሮች ወክለው ያቆሟቸው አንድ የወሎ ሰው ናቸው። ቅመም ነጋዴ ነበሩ፥ እስላም፥ በዕድሜ የአባቴ ታናሽ ወንድም የሚሆኑ። ኮረሪማቸው ከሩቅ ይሸታል። እጀ ጠባባቸውን ሁልጊዜ የምሰፋላቸው እኔ ነበርኩ፤ ስለካቸው እንኳ «ክንድዎን ቀና ያድርጉልኝ» እያልኩ ነው። ታች ሰፈር ደግሞ ምላሱ የተሳለ ነው ብሎ እኔን ወከለ።

አሁን ሳስበው የሚገርመኝ እዚያ ሾላ ሥር የተናገርነው ነገር ነው። እኔ ስለ ሚስቴ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። በሸንጎ ላይ የሚስቱን ሆድ የሚያወራ ወንድ ምን ወንድ ነው? ታች ሰፈር ቀድሞ የተቆረቆረ ነው አልኩ። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያስኬደው መንገድ በእኛ በኩል ነው አልኩ። እሳቸውም፥ «ላይ ማለት ላይ ነው፤ ራስ እያለ እግር አይጠጣም» አሉ። ሰዉ ሳቀ። ሳቁ አናቴ ላይ ወጣና፥ «አንተ ማን ስለሆንክ ነው እግር የምትለን?» አልኩ።

አንተ አልኳቸው። ሳቁ ቀጥ አለ። እሳቸው ከንግግሩ ሁሉ ያቺን አንዲት ቃል ብቻ ነው የሰሙት።

«ምን አልከኝ?»

«አንተ አልኩ።»

«ለዳኛ እንናገራለን።»

«እንናገር። በቅሎ ይግባ!» አልኩ። በቅሎ ቀርቶ የበቅሎ ልጓም አልነበረኝም፤ ግን ሙግት ሲሞቅ የማይወራረድ የለም።

በዚያ ዘመን ዳኛ ሩቅ አልነበረም። ደህና ሰው በመንገድ ሲያልፍ «በሕግ አምላክ» ብለህ ልጓሙን ከያዝክ ወርዶ ሳይዳኝህ አያልፍም። እኛም ከገበያ የሚመለሱ አንድ ሽማግሌ መኰንን አግኝተን አስቆምናቸው። ሁለታችንም አንድ ላይ ስንጮህ ሰሙንና ነገሩ ከመንገድ ዳኝነት በላይ መሆኑን አዩ። እሳቸው በችሎትም የሚቀመጡ ኖረዋል። ነገ ችሎት ቅረቡ፥ እስከዚያው ዋስ ጥሩ አሉን።

ዋስ ብጠራ ኖሮ በደቂቃ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር። እኔ ግን፥ «ጌታዬ፥ እኔ ቤቴ ስገባ እሱ በጓሮ ዞሮ ማዘጋጃ ቤቱን ቢያግባባስ? ከዓይኔ አላጠፋውም» አልኩ። ነጋዴውም፥ «እኔም ይህን ምላሰኛ አላምነውም፤ ዋስ አልፈልግም» አሉ። ሽማግሌው ሁለታችንን አየት አየት አደረጉና፥ «እንግዲያው እርስ በርሳችሁ ተጠባበቁ» ብለው አሽከራቸው የኩታዬን ጫፍ ከነጋዴው ኩታ ጫፍ ጋር እንዲቋጥረው አዘዙ። ቁራኛ ማለት ይህ ነው። ቋጠሮውን የሚፈታው ያስቋጠረው ዳኛ ብቻ ነው፤ ከተቋጠሩት አንዱ በራሱ የፈታው እንደሆነ ተረታ።

በማግስቱ ጎን ለጎን እየተጎተትን ችሎት ደረስን። በረኛው ሳቁን አፍኖ፥ «ዳኛው ዘመድ ሞቶባቸው ሌሊት አገር ቤት ሄዱ» አለን። መቼ ይመለሳሉ ብንለው ለቅሶው እንዳለቀ አለ። ለቅሶ መቼ እንደሚያልቅ ማን ያውቃል? ነጋዴው አንድ ነገር በዓረብኛ አጉረመረሙ፤ እኔም የምለውን በአማርኛ አልኩ።

እንግዲህ ያን ሰሞን የኖርነው ኑሮ ነው አራዳን የሞላው። እሳቸው ሲሰግዱ ኩታው አጭር ስለሆነ እኔም ከጎናቸው ጎንበስ ቀና ማለት ነበረብኝ። ወዲያው፥ «ልብስ ሰፊው ሰለመ» ተባለ። ጧት እኔ ቤተ ክርስቲያን ስሳለም እሳቸው ከአጥሩ ሥር ቆመው ይጠብቁኛል። «ነጋዴውም ሊጠመቁ ነው» ተባለ። እኔ ስሰፋ ጎኔ ይቀመጣሉ፤ እሳቸው ኮረሪማ ሲመዝኑ ሚዛኑን እይዛለሁ። ሌሊትም ከግሪኩ በረንዳ ላይ ጎን ለጎን እናድራለን። አንድ ነገር ብቻ አዳነን፤ ሁዳዴ ነበርና ሥጋ የለም። የእሳቸው ሥጋ፥ የእኔ ሥጋ የሚል ጣጣ ስላልነበረ ከአንድ ገበታ ሽሮ በላን። በኩርፊያ ነበር የምንበላው፤ «ተነሥ»፥ «ተቀመጥ» ከማለት በቀር አንነጋገርም ነበር። እኔም ግትር ሆኜ ያቺን «አንተ» አልተውኳትም።

ጧት ጧት ግን ሳንነጋገር እግራችን ወደ አንድ ቦታ ይወስደን ነበር፤ ወደ ቦዩ። ቦዩ በየቀኑ ይቀርባል። ተቋጥረን ከዳሩ እንቆምና በዓይናችን ወደ ሾላው ያለውን እንለካለን። ቆፋሪዎቹ ብረትን ከብረት ሲያገናኙ በመካከሉ ቃጫ ይጠቀጥቁና እርሳስ አቅልጠው ያፈሱበታል። እርሳሱ እንደ ወተት እየተንፎለፎለ ሲወርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየን ቀን ነጋዴው ኩርፊያቸውን ረስተው፥ «ሱብሐነላህ፥ በዚህ በኩል ጠብ አይልም ማለት ነው?» አሉኝ። እኔም ረስቼ፥ «አንዲትም ጠብ አትልም» አልኩ፥ የሠራሁት እኔ ይመስል። ሁለታችንም እንደ ልጅ ደስ ብሎን ነበር። ወዲያው ትዝ ሲለን ፊታችንን አዞርን።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ከቦዩ ስንመለስ ከቤቴ «ማርያም፥ ማርያም» የሚል የሴቶች ድምፅ ሰማሁ። ሚስቴን ምጥ ይዟታል። የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ከውስጥ ናቸው። ወንድ አይገባምና ከደጅ መደብ ላይ ተቀመጥን። ተቀመጥን አልኩ እንጂ እኔ ስነሣ እሳቸው ይጎተታሉ፥ እሳቸው ሲጎትቱኝ እቀመጣለሁ። አዋላጇ አሮጊት ብቅ አሉና፥ «ውሃ አልቋል፤ ከእነዚህ አንዷን እንዳልልክ ሁሉም ይፈለጋሉ» አሉ። ሚስቴ ያን ቀን ጧት ውሃ ልትወርድ ስትነሣ ነው አሉ ምጡ የጀመራት።

ተነሣሁ። ግን ነጋዴው ቀድመውኝ ተነሥተው ነበር። «እንስራው የት አለ?» አሉ።

ወንድ እንስራ ይዞ ወደ ምንጭ ሲሮጥ አራዳ አይቶ አያውቅም፤ ያውም ሁለት ወንድ፥ ያውም ተቋጥሮ። ከየአጥሩ ብቅ ያለው ሰው የተናገረውን ሁሉ ብጽፈው ወረቀት አይበቃም። ምንጩ ዘንድ ወረፋ የያዙት ሴቶች ሲያዩን ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አንዷ ስቃ ስቃ ስታበቃ፥ «ለምንድን ነው ውሃው?» አለች። «ለምጥ ነው» አልኩ። ሳቁ ጠፋ። ወረፋው እንደ መጋረጃ ተከፈተልን፥ በቅል በቅል እየተሻሙ እንስራውን ሞሉልን። ማዘያውን እንዴት እንደሚያስሩት ስላላወቅን አንዲት ሴት እየተቆጣች አሰረችልን።

ልሸከም ስል ነጋዴው፥ «ተው፥ አሁን ጉልበትህ ይከዳሃል» ብለው እንስራውን ከኔ ቀምተው አዘሉ። እኔ ከኋላ እየደገፍኩ ዳገቱን ጀመርን። ጭቃው ያንሸራትታል፥ ውሃው ከእንስራው እየተፈናጠቀ ፊቴን ይመታኛል። ሚስቴ የወደቀችበት ቦታ ስንደርስ፥ «እዚህ ነው የወደቀችው። የመጀመሪያው ልጃችን በዚህ ጠፋ» አልኩ። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር። እሳቸው ማዘያውን አጥብቀው ረገጥ ረገጥ እያደረጉ ወጡ።

ውሃውን አስገባን። ከዚያ ብዙም አልቆየ፤ እልልታው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ሴት ልጅ። ሚስትህም ደህና ናት አሉኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከሳሼን አቅፌ አለቀስኩ። እሳቸውም ጀርባዬን መታ መታ እያደረጉ፥ «አላህ ያሳድጋት፥ አላህ ያሳድጋት» አሉ።

ትንሽ እንደ ተቀመጥን ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ፥ «እኔም ቤት ከትላንት ጀምሮ ውሃ የለም» አሉ። «ሚስቴ ጉልበቷ እምቢ ካላት ቆየ። እንስራ አትችልም። በቅል እያመላለሰች ነበር፤ አሁን እሱም አቃታት። እኔ ተሸክሜ እንዳልወርድ ከአንተ ጋር ተቋጥሬአለሁ።» ያን ሁሉ ቀን ከጎናቸው ውዬ ይህን አልነገሩኝም። ሾላው ሥርም ያወሩት ስለ ራስና ስለ እግር ነበር። እኔ ስለ ሚስቴ ሆድ እንዳፈርኩ እሳቸውም ስለ ሚስታቸው ጉልበት አፍረው ኖሯል።

«ይነሡ» አልኩ። እንስራውን ይዘን እንደገና ወረድን። አሁን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ዳገቱ ወገብ ላይ ስደርስ ዓይኔ ጨለመ፥ ማዘያው ደረቴን ቆርጦ ሊገባ ደረሰ። ሚስቴ ይህን በየቀኑ፥ ያውም በዚያ ሆዷ! ደጄ ስደርስ እግሬ ራሱ ወደ ቤቴ ታጠፈ። ኩታው ሳብ አደረገኝ።

«ገና ነው» አሉ ነጋዴው።

ከቤቴ ወዲያ ያለውን ዳገት ባዶ እጄን ስወጣው ዳገት መሆኑን እንኳ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። እንስራ ታዝሎ ግን ሌላ ነገር ነው። ሾላውን አለፍኩ። ሁለት ጊዜ ተንበረከክሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ እሳቸው ከብብቴ ገብተው አነሡኝ። የደረስኩ በመሰለኝ ቁጥር «ገና ነው» ይሉኛል። ለካ ላይ ሰፈር ማለት ይህ ነው። ሚስታቸው ከደጅ ተቀምጠው ነበር። ሁለታችንን ሲያዩ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ፤ ይሳቁ ያልቅሱ አላውቅም። ከውሃው መጀመሪያ የቀዱት ለእኔ ነው። ደረቴ እየነደደ እስከ መጨረሻው ጠጣሁት።

ዳኛው ከለቅሶ ሲመለሱ ቦዩ ሾላው ሥር ሊደርስ ነበር። ችሎቱን ለማየት ያልመጣ ሰው የለም፤ ያ የጠጅ ቤት ቀልደኛ እንኳ ሳይጠጣ መጥቷል። ዳኛው ተናገር አሉኝ። ታች ሰፈሮች ጉሮሮዬን ስጠርግ ሲያዩ ደስ አላቸው፤ ምላሴን ያውቁታላ። እኔም፥ «ጌታዬ፥ ቧንቧው ከላይ ሰፈር ይቁም። ረትተውኛል» አልኩ።

ችሎቱ ተንጫጫ። የሰፈሬ ሰዎች፥ «ሸጠን፥ በኮረሪማ ሸጠን» አሉ። የገረመኝ ግን ነጋዴው ናቸው፤ ፊታቸው ጠቆረ። ኩታውን በኃይል ሳብ አድርገው፥ «በሰው ፊት አዘንክልኝ? ማን እዘንልኝ አለህ?» አሉ። ዳኛው እንኳ ተገርመው፥ «ሰውዬ፥ ከረታህ በኋላ የምን ቁጣ ነው?» አሏቸው።

«ለእርስዎ አይደለም» አልኩ ወደ ነጋዴው ዘወር ብዬ። «ለእርስዎ አላዘንኩም። ለሚስትዎ፥ ለእትዬ ነው።»

እርስዎ ስላቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ብዙ ሰው ያለቀሱት ስለ ውሃው መስሎት ይሆናል፤ እኔና እሳቸው ግን ስለ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ዳኛው ቋጠሮውን ለመፍታት ጎንበስ ቢሉ ከመክረሩ የተነሣ እምቢ አላቸው፤ በመጨረሻ በእኔ መስፊያ ወስፌ ፈቱት። ከችሎት ስንወጣ የተፈታን መሆናችንን ረስተን ጎን ለጎን ገጥመን እየሄድን ነበር።

ሾላው ዘንድ ስንለያይ ግን ደስታዬ ብን ብሎ ጠፋ። ለሚስቴ ምን ልበላት? ያ ሁሉ ሙግት ለእሷ ነበር፤ ውሃውን ከደጇ አምጥቼ ላቆምላት ነበር፥ አሁን አሳልፌ ሰጥቼ መጣሁ። አራስ ቤት ስገባ ልጅቷን እያጠባች ነበር።

«የት ሆነ?» አለችኝ።

«ላይ ሰፈር» አልኩ። «እኔው ነኝ የተውኩላቸው። እንደፈለግሽ ተቆጪ።»

ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ሳቀች። ሳቋ አላቋርጥ ብሎ ልጅቷ ከጡቷ ተላቃ አለቀሰች። «እኔስ ከመጀመሪያው ላይ እንዲሆን ነበር የምፈልገው» አለች። «እዚህ ደጃችን ቢቆም ለእኛ ጥሩ ነው፥ ላይኞቹ ግን እንዳለቁ ይቀራሉ። ላይ ቢቆም ባዶ እንስራ ይዤ እወጣለሁ፥ ሙሉውን ይዤ እወርዳለሁ። ላይኞቹም ከደጃቸው ይቀዳሉ። እስከ ዛሬ ባዶውን ይዘን ስንወርድ፥ ሙሉውን ይዘን ስንወጣ አይደል ያለቅነው? ሴቶቹ ሁሉ ምንጭ ላይ ይህንኑ ነው የምንለው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጠየቅኸኝ?»

ልቆጣ ፈለግሁ። ሾላው ሥር የተሰበሰበውን ወንድ፥ የተወራረድኩትን በቅሎ፥ የተቋጠርኩበትን ኩታ አሰብኩ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል እንስራ አዝሎ የሚያውቅ አንድም አልነበረም። ቁጣዬ መንገድ ላይ ወደ ሳቅ ዞረብኝና ከእሷ ጋር ሳቅሁ። በማግስቱ ነገሩ ከምንጭ እስከ ጠጅ ቤት ተዳረሰ፤ ሸጠን ሲሉኝ የነበሩት ሰዎች ሚስቶቻቸው ያሏቸውን ሰምተው ዶማ ይዘው መጡ።

ከሾላው እስከ ላይ ሰፈር ያለውን ቦይ ሁለቱ ሰፈሮች በደቦ ቆፈርነው። እንደዚያ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም። ታች ሰፈር ከላይ ሰፈር ጋር እየተፎካከረ፥ እየዘፈነ፥ እየተሰዳደበ ይቆፍራል። ሴቶቹ ድንጋይ ያቀብላሉ። ነጋዴው የቧንቧው አፍ የሚቆምበትን ቦታ ከግቢያቸው ቆርሰው ሰጡ። እኔም ዶማ ይዤ እጄ እስኪላጥ ቆፈርኩ፤ በዚያ ሰሞን የሰፋሁት ልብስ ሁሉ ጠማማ ነው።

ውሃው የሚለቀቅበት ቀን ሰዉ ከጧት ጀምሮ ከብረቷ አፍ ፊት ቆሞ ዋለ። ሹሙ ሲያዞሯት መጀመሪያ አየር ነበር የወጣው፤ ስትስል፥ ስታስነጥስ ሰዉ ወደ ኋላ ሸሸ። ከዚያ ቀይ ውሃ ተፋች። «ደም ነው» ብሎ አንዱ ሲጮህ ግርግር ሆነ፤ ሹሙ የብረቱ ዝገት መሆኑን እስኪያስረዱ ድረስ የነጋዴው ሚስት ብቻ ከቦታቸው አልተንቀሳቀሱም፤ ጉልበታቸው አይሸሽምና። ወዲያው ውሃው ጠራ። ወፍራም፥ ቀዝቃዛ፥ የማያቋርጥ። እልልታው፥ ጭብጨባው፥ ሱብሐነላህ፥ ስለ እናቱ ስለ ማርያም የሚለው ሁሉ አንድ ላይ ተነሣ። እኔ ከዚያ ሕዝብ መካከል ቆሜ ያለ ኀፍረት እዘል ነበር።

የመጀመሪያውን የቀዱት እትዬ ናቸው፤ ሁላችንም ተስማማን። ቀጥላ ሚስቴ መጣች። ክርስትናው አልፎ ከቤት የወጣችበት የመጀመሪያው ቀን ነበር። ልጅቷን በጀርባዋ አዝላ፥ ባዶውን እንስራ በእጇ ይዛ ዳገቱን ስትወጣ አየኋት። እንስራውን ከብረቷ ሥር አቆመችው። ውሃው ሲሞላ፥ ሞልቶ በአንገቱ ሲፈስ ቆማ ታየው ነበር። ሴቶቹ ማዘያውን ሊያስሩላት ቀረቡ። እሷ ገለል አለችና እኔን ጠራችኝ።

«ና፥ አንተ አዝለው» አለች ሰዉ ሁሉ እየሰማ። «የእኔ ጀርባ ከእንግዲህ የልጄ ነው።»

ቀልደኛው አፉን ሊከፍት ሲል ነጋዴው በዓይናቸው ከለከሉት። ማዘያውን በደረቴ ላይ ያሰሩልኝ እሳቸው ናቸው። ሚስቴ ልጃችንን አዝላ ከፊቴ እየወረደች፥ እኔ እንስራውን አዝዬ እየተከተልኳት ወደ ቤታችን ሄድን።